ሌቭ ላንዳውና የስስ ቅጠል ክርክር

ሌቭ ላንዳው በ1908 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በባኩ ከተማ ተወለደ። አባቱ የነዳጅ ዘይት መሐንዲስ፣ እናቱ ሐኪም ነበሩ። በ14 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በዚያ ዕድሜ ብዙዎቻችን ስምንተኛ ክፍልን አልጨረስንም ነበር። ትምህርቱን በሌኒንግራድ ፈጽሞ ኮፐንሃገን ከኒልስ ቦር ዘንድ ተቀመጠ።

በ1932 ካርኮቭ ላይ ማስተማር ጀመረ። ደቀ መዝሙሩ ሊሆን የሚሻ ሁሉ እሱ ያወጣውን ፈተና ማለፍ ነበረበት፤ እስከ 1961 ያለፉት 43 ብቻ ናቸው። ፈተና በዛብን የምንል ይህን እናስብ።

በ1937 ትልቁን ሐሳቡን ጻፈ። የጋለ ብረት ሲበርድ ማግኔትነቱ እንደሚመለስ፣ አንድ ነገር ጠባዩን ሲለውጥ በውስጡ ያለው ሥርዓት ይለወጣል፤ ይህንንም ሥርዓት በአንድ መለኪያ መከታተል ይቻላል አለ። በዚያው ዘመን እሱና ሩዶልፍ ፓየርልስ አንድ ከባድ ፍርድ ሰጡ። በክሪስታል ውስጥ አቶሞች እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተደራርበው ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ይደግፋል፤ ቅጠሉ አንድ ብቻ ከሆነ ግን የሙቀት ንዝረት ሥርዓቱን ያፈርሰዋል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ክሪስታል ሊኖር አይችልም አሉ።

በኤፕሪል 1938 ላንዳው ስታሊንን የሚነቅፍ ጽሑፍ አዘጋጅተሃል ተብሎ ታሰረ። ከዓመት በኋላ የተፈታው የፊዚክስ ሊቁ ፒዮትር ካፒጻ ለስታሊን ጽፎ፣ ኋላም ዋስ ሆኖለት ነው። ላንዳውም ካፒጻ የደረሰበትን የፈሳሽ ሂልየም እንግዳ ጠባይ በ1941 ምክንያቱን ገልጦ ውለታውን መለሰ። ለዚህ ሥራ በ1962 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት መጀመሪያ ከባድ የመኪና አደጋ ደርሶበት ስለ ነበር ሽልማቱን የተቀበለው ሞስኮ ውስጥ ሆኖ ነው። በ1968 ሞተ።

ክርክሩ ግን አብሮት አልተቀበረም። በ2004 የማንቸስተር ተመራማሪዎች ከግራፋይት ላይ በማጣበቂያ ፕላስቲክ እየላጡ የአንድ አቶም ውፍረት ያለው ቅጠል እንዳገኙ አስታወቁ። ቅጠሉ በጥቂቱ ይሞገዳል እንጂ አይፈርስም። ታዲያ ላንዳው ፈጽሞ ተሳስቶ ነበርን? አይደለም። ኒዮቢየም ሴሌናይድ የተባለው ክሪስታል ወፍራም ሲሆን በ7.2 ኬልቪን ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች እንቅፋት ማሳለፍ ይጀምራል፤ አንድ ቅጠል ብቻ ሲቀር ግን ይህን ጠባይ የሚያገኘው ከዚያ ግማሽ በታች በሆነ ሙቀት ነው። ስስነት ሥርዓትን ያደክማል፤ አያጠፋም። መንገዱን ያሳየው ሊቅ በሩን ዘጋሁ ቢልም፣ እጁን ዘርግቶ የሚሞክር ተማሪ ሊከፍተው ይችላል።