ፊኛን ከነፋስ የከለሉት ሊቅ

በብርቱ ነፋስ የሚለቀቅ የሜትሮሎጂ ፊኛ ብዙ ጊዜ አደጋ የሚያገኘው ሰማይ ላይ ሳይሆን ገና ከመሬት ሲላቀቅ ነው። ይህን በሚገባ የተረዱት ሌዮን ቴስራን ደ ቦር እ.ኤ.አ. በ1855 በፓሪስ ተወለዱ። በ1896 የመንግሥት ሥራቸውን ትተው በፓሪስ አጠገብ በትራፕ የራሳቸውን የምርምር ጣቢያ አቋቋሙ። በዚያም የፊኛውን መሙያ ቤት እንደ ነፋሱ አቅጣጫ እንዲዞር አድርገው አሠሩት። በሩ ነፋስ ወደማይመታው ወገን ስለሚዞር ፊኛው ሳይቀደድ፣ መሣሪያውም መሬት ሳይጎተት ይነሣ ነበር። ከ200 በላይ ፊኛዎች ከለቀቁ በኋላ፣ ከ11 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ የአየሩ ሙቀት መቀነሱን እንደሚያቆም በ1902 አስታወቁ፤ ለዚህ የአየር ክፍል ስትራቶስፌር የሚለውንም ስም ሰጡት። በ1913 ዐረፉ። ያ ታላቅ ግኝት የተገኘው ከመሬት በደኅና በተነሡ ፊኛዎች ነው። በደብረ ወርቅ ደጋ ነፋስ በበረታበት ቀን ፊኛ ለመልቀቅ የሚሰናዳ ባልደረባም ጋዙን ከመክፈቱ አስቀድሞ ከነፋስ የተከለለውን ወገን ይፈልግ።