ይምርሃነ ክርስቶስ፦ ንጉሥም ቄስም የነበረው ሰው በእንጨቱ ሲታወስ

ስለ ላሊበላ ያልሰማ የለም። ከላሊበላ በፊት ስለነገሠው ስለ ይምርሃነ ክርስቶስ ግን እኛ የዋግ ልጆች እንኳ ብዙም አናወራም። ጥቅምት 19 በዓሉ ሲደርስ ስሙ ይነሳል፣ ከዚያ እስከ ዓመት ይረሳል። ዛሬ ይሄንን ሰው እናንሳው፤ ግን በተአምራቱ ብቻ ሳይሆን በአናጺ ዓይን።

ከሰቆጣ በቢልባላ በኩል ወደ ላሊበላ የወረደ ሰው አካባቢውን ያውቀዋል። ከዋናው መንገድ ገንጠል ብሎ የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ሲጠጉ፣ ጽድ የበዛበት ጫካ ውስጥ አንድ ሰፊ ዋሻ አለ። ዋሻው ውስጥ ነጭና ጥቁር መስመር የለበሰ ቤተ ክርስቲያን ቁጭ ብሏል። ነጩ የተለሰነ ድንጋይ ነው፣ ጥቁሩ እንጨት። አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት፣ እንደገና ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት እያለ እስከ ጣሪያው ይሄዳል። ከሥዕሎቹም ከእንጨቱም ብዙው እስከ ዛሬ አለ። ዕድሜው ከ800 ዓመት በላይ ነው።

ያሠራው ሰው ሕይወት በሰላም አልጀመረም። ገድሉ እንደሚለው አባቱ ግርማ ሥዩም ነው፤ ዙፋኑ ላይ የነበረው ደግሞ አጎቱ ጣንጠውድም። ልጁ አንድ ቀን እንደሚነግሥ ትንቢት ሲነገር አጎትየው ሊያጠፋው ፈለገ። በዛግዌ ቤት የሥልጣን ነገር እንዲህ ነበር፤ ከወንድም ወደ ወንድም፣ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ ስለሚያልፍ ዘመድ ለዘመድ ያሰጋል። ይምርሃነ ክርስቶስ ሸሸ። በስደቱ ተማረ፣ ክህነትም ተቀበለ። አጎቱ ሲሞት ተመልሶ ነገሠ፤ ቅስናውን ግን አልተወም። ቀን ፍርድ የሚሰጥ፣ ሲቀድስ ደግሞ መቅደስ የሚገባ ንጉሥ ሆነ። ትውፊቱ 40 ዓመት እንደነገሠና ለቅዳሴው የሚሆን ኅብስትና ወይን ከሰማይ ይወርድለት እንደነበር ይናገራል። የታሪክ ሰዎች ዘመኑን 12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ላይ ያስቀምጡታል።

ቦታውን ገድሉ ውግረ ስሒን ይለዋል፣ የዕጣን ኮረብታ እንደማለት ነው። ለግንበኛ ግን ፈተና ነው። ከዋሻው ወለል ሥር ውኃ አለ፤ ትውፊቱም ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራው ባሕር ላይ ነው ይላል። ረግረግ መሬት ላይ ድንጋይ ብቻ ብትከምር አንዱ ጎን ይሰምጣል፣ ሌላው ይቀራል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። መፍትሔው እንጨት ነበር። ከሥር የተነጠፈ እንጨት ሸክሙን ያከፋፍላል፤ ግድግዳው ውስጥ የገባውም ድንጋዩን እንደ መቀነት ያስራል።

ይሄ ዘዴ የእሱ ፈጠራ አይደለም፣ የአክሱም ነው። ግድግዳው በውስጥም በውጭም ፊቱ ረጃጅም አግዳሚ እንጨት ይጋደምለታል። ሁለቱን የሚያያይዙ አጫጭር እንጨቶች በግድግዳው ውፍረት ልክ በአግድም ይገባሉ። አጭሩ እንጨት ሆዱ ላይ በመሮ ጥርስ ይወጣለትና ረጅሙን ነክሶ ይይዘዋል። ግድግዳው ወደ ውጭ ላብጥ ቢል ጥርሱ አይለቀውም። ስለዚህ ሸክሙን የያዘው ምስማር ሳይሆን ንክሻው ነው። ደብረ ዳሞ ላይ የአጫጭሮቹ ጫፍ ወደ ውጭ ብቅ ስለሚል የዝንጀሮ ራስ ይባላል። ይምርሃነ ክርስቶስ ጋ ግን ግድግዳው ላይ ራሱ አይታይም፤ እንጨቱ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው። ብቅ የሚለው መስኮቶቹ ላይ ነው፤ በአራቱም ማዕዘን አራት ጉጦች አሉ። ጌጥ ይመስላሉ እንጂ የውስጡንና የውጭውን መቃን በግድግዳው አሳልፈው የሚያስሩ ናቸው።

አሁን ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ። እኔን የሚገርመኝ ከግድግዳው ይልቅ ይሄ ነው። በትናንሽ ቁራጭ እንጨት እየተገጣጠመ የተሠራ፣ ማዕዘን በማዕዘን የሆነ፣ መስቀልና ሐረግ ያለው፣ ቀለም የተቀባ ኮርኒስ ነው። ባለሙያዎች ከዚያ ዘመን የግብፅ ጥበብ ጋር ያነጻጽሩታል። ገድሉም ቢሆን ንጉሡ ከግብፅ ጋር ግንኙነት እንደነበረው፣ ለቤተ ክርስቲያኑ የሚሆን ዕቃም ከዚያ እንደመጣለት ይተርካል። በፋጢሚዶች ዘመን የካይሮ አናጺዎች ትልቅ ጣውላ እንደልብ ስለማያገኙና ሰፊ ጣውላ በደረቅ አየር ስለሚጣመም ሥራቸውን በትናንሹ ከፋፈሉት። ቁራጮቹ ጫፋቸው በሰያፍ ይቆረጣል፣ ጎናቸው ላይ ቦይ ይወጣላቸዋል፣ አንዱ ከሌላው ቦይ ይገባል። እንጨቱ ሲያብጥም ሲሰበሰብም መላወሻ ስላለው አይሰነጠቅም።

በሰያፍ መቁረጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ለምሳሌ ባለ ስምንት ማዕዘን ቅርጽ የሚገጥም ሰው ስምንት ቁራጭ አለው፣ 16 ጫፍ ማለት ነው። እያንዳንዱ ጫፍ በ22.5 ዲግሪ ይቆረጣል። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ አንድ ዲግሪ ብቻ ብትስት፣ ዙሪያውን ጨርሰህ ስትመጣ የ16 ዲግሪ ስህተት ይጠብቅሃል፤ አይዘጋም። አንድ ቅርጽ ብቻ ቢሆን በሞረድ ታስተካክለዋለህ። ሙሉ ኮርኒስ ሲሆን ግን እያንዳንዱን ማስተካከል አያዋጣም። አንዱን በትክክል ቆርጠህ እሱን ናሙና አድርገህ ሌላውን ሁሉ በእሱ ልክ ማውጣት አለብህ። ዛሬ ትልልቅ የእንጨት ሥራ ቤቶች በራውተር የሚሠሩት ይሄንኑ ነው፤ 45 ዲግሪው ላይ ጥርስ የሚያወጣውን ምላጭ ያስሩና፣ አንዱን ጣውላ አስተኝተው ሌላውን አቁመው በዚያው ከፍታ ይቆርጣሉ። ልኩ በቁርጥራጭ እንጨት ተሞክሮ አንዴ ከተያዘ መቶውም ሁለት መቶውም ይገጥማል። ሞተር በሌለበት ዘመን ያ ልክ የሚያዘው በናሙናና በእጅ ብቻ ነበር።

ንጉሡ ሞቶ የተቀበረው እዚያው ዋሻ ውስጥ፣ ካሠራው ቤት ጎን ነው። ከጀርባ ደግሞ የብዙ ሰው አጽም አለ፤ ከሩቅ አገር መጥተው በረከቱን ፈልገው እዚያው ያረፉ ምእመናን ናቸው ይባላል። ከእሱ በኋላ የመጡት ነገሥታት እንጨቱን ትተው ወደ አለት ዞሩ፤ የእንጨቱን መልክ ግን አልተዉትም። ላሊበላ ያለው ቤተ አማኑኤል ግድግዳው ላይ ያሉት ገባ ወጣ ያሉ መስመሮች ይሄንኑ የድንጋይና የእንጨት ረድፍ በአለት የቀረጹ ናቸው። የእኛው የሰቆጣው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስም ፊቱ የተጠረበው በእንጨት የታሰረ ግንብ አስመስሎ ነው። አለት ማያያዣ እንጨት አያስፈልገውም። ጠራቢዎቹ ግን ቤተ ክርስቲያን ሲባል ዓይናቸው ላይ የሚመጣው ያ ግጥም ስለነበር ሳያስፈልግም ቀረጹት።

በ1270 (እ.ኤ.አ.) መንግሥቱ ከዛግዌ እጅ ወጣ። የዋግ ሹሞች የዘር ሐረጋቸውን ወደዚያ ቤት ይመዝዛሉ። በ1520ዎቹ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ዋሻውን አይቶ፣ የንጉሡንም መቃብር አይቶ ጽፏል።

አሁን ያለው ጥያቄ ሌላ ነው። ዋሻው ዝናብንና ፀሐይን ከልክሎ እንጨቱን እዚህ አድርሶታል፤ እርጥበቱ ግን ከሥር አለ። አንድ አግዳሚ ቢበሰብስ ማን ይተካዋል? በሰቆጣም በአምደወርቅም ያሉ ወጣት አናጺዎቻችን ጎበዞች ናቸው፣ የሚሠሩት ግን በባሕር ዛፍ፣ በምስማርና በኮላ ነው፤ ገበያው የሚጠይቀው ያንን ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲደርቅ ይጣመማል። ለእንዲህ ያለ አግዳሚ የሚበቃ ወፍራም ጽድ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጪ ማግኘት ከባድ ነው። ደብረ ዳሞ በ1948 (እ.ኤ.አ.) ሲጠገን ሥራውን የመራው እንግሊዛዊው አርክቴክት ማቲውስ አሠራሩን አጥንቶ ስለነበር፣ በ1959 ከጣሊያናዊው ሞርዲኒ ጋር አሳትሞታል። የደብረ ዳሞ ግጥም ወረቀት ላይ አለ። የይምርሃነ ክርስቶስን ግጥም ደግሞ መሮ የያዘ የአካባቢያችን ልጅ አጠገቡ ቆሞ፣ እየለካ፣ ናሙናውን በእጁ እየሠራ ቢማረው ከዋሻው ደጅ ያለው ጽድ እስኪያድግ ድረስ ጊዜ አለ። የጽድ ዕድገት ደግሞ ቀርፋፋ ነው፤ ችግኙ ዘንድሮ መተከል አለበት።