ቻርልስ ዋልኮትና ጥቁሩ ሼል

ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርድ የሥነ ምድር ባለሙያ ባዛልቱን ካለፈ በኋላ የኖራ ድንጋዩን፣ ዝቅ ሲልም ጂፕሰምና ሼል የተፈራረቁበትን ንብብር፣ ከወንዙ አጠገብ ደግሞ የአዲግራትን አሸዋ ድንጋይ ያገኛል። ይህ ደለል የመካከለኛው የሕይወት ዘመን ስለሆነ የካምብሪያንን እንስሳ የሚሻ ሰው ከዚህ ገደል ባዶ እጁን ይመለሳል። ይሁንና ዛጎል ለመልቀም ኖራ ድንጋዩ ላይ የሚዘገይና ሼሉን ሳይሰነጥቅ የሚያልፍ ባልደረባ ጥቂት አይደለም፤ የዋልኮት ሕይወት የሚነካውም ይህንኑ ልማድ ነው።

ዋልኮት እ.ኤ.አ. በ1850 በኒውዮርክ ግዛት ተወለዱ። ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። በገበሬ ቤት እየሠሩ የሰበሰቡትን ቅሪተ አካል እ.ኤ.አ. በ1873 ለሃርቫርዱ ሉዊ አጋሲ ሸጡ፤ ቆይተውም ድንጋዩን በስሱ እየቆረጡ የትሪሎባይትን እግር አሳዩ።

ኦሌኔለስ የተባለው ትሪሎባይት ከፓራዶክሲደስ በኋላ የኖረ መስሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 ኒውፋውንድላንድ ሄደው ንብብሩን ሲመረምሩ ግን ኦሌኔለስን ከሥር አገኙት። የራሳቸውን ቅደም ተከተል ገልብጠው አረሙ። ለአንድ ባለሙያ ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም።

እ.ኤ.አ. በ1909፣ የስሚትሶኒያን ተቋም ዋና ጸሐፊ ሆነው ሳለ፣ በምዕራብ ካናዳ ተራራ ላይ የበርጀስን ሼል አገኙ። በባሕሩ ግርጌ የሚናድ ደቃቅ ጭቃ እንስሳቱን በድንገት ስለ ቀበራቸው ዛጎል የሌለው ገላ፣ እግርና ስንጥብ ሳይቀር በስስ የካርቦን ሽፋን ታትሞ ቆይቷል። ዋልኮት በተለያዩ ክረምቶች እየተመለሱ ከ65,000 በላይ ናሙና ወደ ዋሽንግተን አጋዙ። እ.ኤ.አ. በ1911 ባለቤታቸው በባቡር አደጋ ሞቱ፤ በ1917 አብራሪ ልጃቸው በፈረንሳይ ጦር ሜዳ ወደቀ። ሥራው ግን አልተቋረጠም።

የጎደላቸው ጊዜ ነበር። ቀኑን የቢሮ ደብዳቤና ስብሰባ እየበላባቸው እንግዳዎቹን እንስሳት በሚታወቁት ምድቦች ውስጥ እየደለደሉ አለፉ፤ ማሬላን እ.ኤ.አ. በ1912 ከትሪሎባይቶች ቆጠሩት። በኒውፋውንድላንድ ያደረጉትን ዓይነት እርማት ሳያደርጉ እ.ኤ.አ. በ1927 አረፉ። ሃሪ ዊቲንግተን እ.ኤ.አ. በ1971 ማሬላ ትሪሎባይት አለመሆኑን ገለጹ። ዋልኮት በአመዛኙ በጠንካራ ልባሱ ያወቁት የታችኛው ካምብሪያንም እ.ኤ.አ. በ1984 በቻይና ቼንግጂያንግ፣ 518 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረ ጭቃ ድንጋይ ውስጥ፣ ለስላሳ ገላውን ገለጠ።