ሻምበል አበበ ቢቂላ፦ ስለ ስፖርት በስሕተት የሚነገሩ አራት ነገሮች



በየዓመቱ በኦክቶበር ወር የኮሎምበስ ማራቶን ሯጮች ቤክስሊን አቋርጠው ሲያልፉ አይታችሁ ይሆናል። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ማራቶን ሲነሣ ኢትዮጵያዊ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው ስም አበበ ቢቂላ ነው። ይሁን እንጂ ስለ እሱም ሆነ ስለ ስፖርት የሚወራው ሁሉ ትክክል አይደለም። ዛሬ ሕይወቱን እየተረክን አራቱን ስሕተቶች አንድ በአንድ እናያለን።

አንደኛው ስሕተት፦ ጎበዝ ሯጭ ሲወለድ ጀምሮ ሯጭ ነው የሚለው ነው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. (በፈረንጆች ኦገስት 7 ቀን 1932) በሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። በልጅነቱ ገና ይጫወት ነበር። ገና በሜዳ ላይ ብዙ የሚያስሮጥ ጨዋታ መሆኑን ወላጆቻችሁ ይነግሯችኋል። ካደገ በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። እዚያም ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ አሠልጣኝ አገኘው።

አንዳንድ ሰው፣ ከፍተኛ ቦታ ላይ ስለተወለደ ነው ያሸነፈው ይላል። እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ አየሩ ስስ ስለሆነ እዚያ መሠልጠን ለሯጭ ይጠቅማል። ግን በደጋው አገር በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ይኖር የለም እንዴ? ሁሉም አበበን አልሆነም። ልዩነቱን ያመጣው ልምምድ ነው። ሮም ላይ ሲሮጥ የ28 ዓመት ሰው ነበር፤ ከዚያ በፊት ብዙ ደክሟል።

ሁለተኛው ስሕተት፦ ጫማ ስላልነበረው በባዶ እግሩ ሮጠ የሚለው ነው።

ለሮም ውድድር ጫማ ነበረ። ነገር ግን የተገኘው ጫማ ለእግሩ አልተመቸውም። በባዶ እግሩም ሲለማመድ ስለቆየ፣ እንዲሁ ቢሮጥ ይሻላል ተባለ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960፣ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር። ውድድሩ ሊያልቅ ሲል፣ የጣልያን ጦር ከአገራችን ወስዶ ሮም ባቆመው የአክሱም ሐውልት አጠገብ አለፈ። (ሐውልቱ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሷል።) በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ይህ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ከ12 ሴኮንድ ገደማ ሮጦ፣ ያንኑ 42 ጊዜ ደገመው ማለት ነው! ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ ሮጠና በ3 ደቂቃ ከ5 ሴኮንድ አሻሻለው። ስለዚህ ልጆች፣ ሩጫው ጫማው ላይ አልነበረም፤ ባዶ እግሩም ላይ አልነበረም።

ሦስተኛው ስሕተት፦ መሬት ላይ ተኝቶ የሚሠራ እንቅስቃሴ ለደካማ ሰው ነው የሚለው ነው።

አበበ ቶኪዮ ከመሮጡ በፊት ስድስት ሳምንት እንኳን ሳይሞላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና አድርጎ ነበር። ያም ሆኖ አሸነፈ፤ በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሩጫውን ጨርሶ ግን አልተዘረረም። ሣሩ ላይ ሆኖ እግሩን እያነሣና እየዘረጋ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ሕዝቡ ተገረመ።

ዛሬ እናቶቻችሁና አባቶቻችሁ ጂም ውስጥ የሚያዩት ፒላተስም እንዲሁ ይናቃል። ቀላል ነው፣ የሴቶች ነው ይባላል። የጀመረው ግን ጆሴፍ ፒላተስ የሚባል በ1883 ጀርመን አገር የተወለደ ወንድ ነው። በልጅነቱ ሕመም ያጠቃው ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመናዊ በመሆኑ እንግሊዝ አገር ታስሮ ሳለ ዘዴውን አዳበረ፤ በኋላም ኒውዮርክ መጥቶ ማሠልጠኛ ከፈተ። የሆድንና የጀርባን ጡንቻ በዝግታ፣ ከትንፋሽ ጋር እያስተባበሩ ማሠራት ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ሰው ነው።

አራተኛው ስሕተት፦ መራመድ የማይችል ሰው ስፖርት አይሠራም የሚለው ነው።

በማርች 1969 አበበ መኪናው ተገልብጣበት ክፉኛ ተጎዳ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወስዶ ታከመ። እጆቹ ዳኑለት፤ እግሮቹ ግን ዳግመኛ አልሄዱለትም። በዓለም ላይ በእግሩ ለታወቀ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ እስቲ አስቡት።

ስቶክ ማንደቪል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1948 በዊልቸር ለሚሄዱ ሰዎች ውድድር የጀመረበት ቦታ ነው፤ የዛሬው ፓራሊምፒክ የበቀለው ከዚያ ነው። አበበም እዚያ ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ ያዘ፤ በ1970 በውድድሩ ተካፈለ። በ1971 ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። በረዶ በሌለበት አገር ያደገ ሰው!

ሻምበል አበበ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 1973 በ41 ዓመቱ አረፈ። ንጉሠ ነገሥቱና እጅግ ብዙ ሕዝብ ቀብሩ ላይ ተገኙ። አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የተሰየመ ስታዲየም አለ።

ልጆች፣ እኔ ለስፖርት አልተፈጠርኩም የምትሉ ካላችሁ፣ ወይም ክፍላችሁ ውስጥ በዊልቸር የሚሄድን ልጅ ጨዋታ ሲጀመር የምትረሱት ከሆነ፣ አበበን አስታውሱ። ወላጆችም፣ የእኔ ልጅ ሩጫ አይሆንለትም ከማለታችን በፊት አብረን እንሞክር።

የቤት ሥራ፦

1. አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ለምንድን ነው?
2. ከአደጋው በኋላ የሠራቸውን ሦስት ስፖርቶች ጻፉ።
3. ገና እንዴት እንደሚጫወቱት ወላጆቻችሁን ጠይቃችሁ በአምስት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ አምጡ።