ይድነቃቸው ተሰማ፤ ከጊዮርጊስ አጥቂነት እስከ ካፍ መንበር

እንጅባራም ሆነ ዳንግላ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ የአፍሪካ ዋንጫን የሚኮመኩም ወጣት የሳላህንና የኦሲሜንን ጎል በቃሉ ይወጣዋል። ስለ ይድነቃቸው ተሰማ ቢጠየቅ ግን ብዙው የሚያውቃቸው ኮትና ከረባት አድርገው በተነሱት ፎቶግራፍ ነው፤ የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ ብሎ ያልፋል። አልተሳሳተም። ሰውዬው ግን ከወንበሩ በፊት ጎል አግቢ ነበሩ፤ ያውም የዋዛ አይደሉም።

ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በዕለተ እንቁጣጣሽ፣ ጅማ ውስጥ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ቀዳሚ የሆኑ፣ በግጥማቸውም የታወቁ ሰው ነበሩ። ልጅየው ግን ዝናቸውን ያገኙት በእግራቸው ነው።

በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ አራዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲመሠርቱ ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ቡድኑን የተቀላቀሉትም በዚያው ሰሞን ነው። ክለቡ በሁለት እግሩ ሳይቆም ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው ኳሱንም አልማረውም፤ ነጭና ሐበሻ አንድ ሜዳ ላይ እንዳይጋጠሙ ከለከለ። የጊዮርጊስ ስም ሳይቀር ተፍቆ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተባለ። እንግዲህ ይድነቃቸው ጎል ማግባትን የተማሩት በገዛ አገራቸው፣ በቆዳ ቀለም በተከለለ ሜዳ ላይ መሆኑ ነው። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ ላይ ወሳኝ ሆኖ ይመጣል።

ከነጻነት በኋላ ሜዳው ለሁሉም ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1943 የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ሲቋቋም ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። በዓመቱ የተጀመረው ሻምፒዮና ላይ ጊዮርጊስ ከአርመኖቹ አራራት፣ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ ከጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና ከእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ጋር ተፋለመ። የመጀመሪያውን ዋንጫ እንግሊዞቹ ቢወስዱትም እ.ኤ.አ. በ1950 ጊዮርጊስ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ለመሆን በቃ።

ይድነቃቸው በዚያ ማሊያ 23 ዓመት ተጫውተዋል። በስማቸው ሲጠቀስ የኖረው አኃዝ በ365 ጨዋታ 318 ጎል ነው። በአማካይ ሲሰላ በአንድ ጨዋታ ወደ አንድ ጎል ይጠጋል፤ የዛሬ አጥቂ ይህን ቢያመጣ ደላላ በሩን አያስቆመውም ነበር! ከክለባቸው ሌላ ለብሔራዊ ቡድን 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ብሔራዊ ቡድናችን የመጀመሪያ ጨዋታውን በኅዳር 1940 ዓ.ም. አድርጎ ጅቡቲን 5 ለ 0 ያንበረከከውም በእሳቸው ዘመን ነው።

አሁን ወደ ካርቱም እንሂድ። በየካቲት 1949 ዓ.ም. ካፍ ሲመሠረት ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ አብረው ነበሩ። ኢትዮጵያን ወክለው ከመሥራቾቹ ጋር የተቀመጡት ይድነቃቸው በዚያን ወቅት ገና ኳስ አላቆሙም። ደቡብ አፍሪካ ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ወይ ነጭ ብቻ፣ አለዚያም ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን ካልላክሁ አለች። ሌሎቹ እሺ አላሏትም፤ ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያም ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች። አንዳንዱ ይህን እንደ ትርፍ ይቆጥረው ይሆናል፤ በፍጻሜው ግን ግብፅ 4 ለ 0 ቀጣችን፣ አራቱንም አድ-ዲባ ነው ያገባው። ይድነቃቸው ዋንጫውን ባያገኙም አቋማቸው አልተናጋም። ቀለም የከለለው ሜዳ ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ ያውቁት ነበርና።

ከአምስት ዓመት በኋላ ተራው የእኛ ሆነ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ኢትዮጵያ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ስታነሳ የቡድኑ አሰልጣኝ ይድነቃቸው ነበሩ። ግርማ ተክሌ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡ። ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ የሆነ ቡድን ነው! ያ ዋንጫ እስከ ዛሬ የመጀመሪያችንም የመጨረሻችንም ነው።

ከዚያ ወዲያ የይድነቃቸው ሜዳ ሰፋ። ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺያኒያ በጠቅላላው አንድ ቦታ ብቻ ሲሰጥ፣ ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው አፍሪካ ከማጣሪያው እንድትወጣ ከታገሉት መሪዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። አህጉሩ በሙሉ ወጣ። በ1970 አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፤ በ1982 ሁለት ሆነ። በ2026ቱ ዋንጫ ለአፍሪካ የተመደበው ቀጥተኛ ቦታ 9 ነው። ዛሬ ብሔራዊ ቡድናችን በማጣሪያ ሲወድቅ የምንበሳጨው እኮ የሚወደቅበት በር ስለተከፈተ ነው።

የደቡብ አፍሪካውን ጉዳይም አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ1963 የፊፋው ፕሬዚዳንት ስታንሊ ራውስ እገዳዋ እንዲነሳ ሲያደርጉ አፍሪካውያኑ በማግሥቱ ዓመት ቶኪዮ ላይ አስመለሱት። ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. በ1972 የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ በተደረገው የፊፋ ምርጫ የአፍሪካ ድምፅ ለብራዚላዊው ሃቬላንዥ ሲሄድ ራውስ ወንበራቸውን አጡ። በ1976 ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ጭራሽ ተባረረች።

ይድነቃቸው ካፍን 15 ዓመት እየመሩ ሳለ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ። በእንቁጣጣሽ የመጡት ሰው በቡሄ ዕለት ሄዱ። ከጥቂት ወራት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የሴካፋን ዋንጫ ስትወስድ እሳቸው ለማየት አልታደሉም።

ደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ ሲያከትም እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ፊፋ ተመለሰች፤ በ1996 ራሷ አዘጋጅታ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ኢትዮጵያም ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ የበቃችው በጥር 2005 ዓ.ም. እዚያው ደቡብ አፍሪካ ላይ ነው። አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ ጎል ሲያገባ ስታዲየሙን ያደመቁት ጥቁሩም ነጩም አንድ ላይ ተቀምጠው ነበር። ይድነቃቸው የታገሉለት ሜዳ ያ ነው። 318ቱ ጎሎች የጊዮርጊስ ናቸው፤ ይሄኛው ግን የሁላችንም።