ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ

ባለቅኔውና የተውኔት ደራሲው ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በጎጃም ደብረ ኤልያስ ተወልደው ቅኔ ተማሩ። አዲስ አበባ በመምህርነት ሲሠሩ ግጥሞቻቸው ከማተሚያ ቤት ይልቅ በመድረክና በተማሪዎች አንደበት ይሰሙ ነበር። ይህ ለግጥም ጠባይ ቢስማማም አደጋ ነበረው፤ አንደበት ይረሳልና።

ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረች ጊዜ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ከመተማ ማዶ እስከ ገዳሪፍና ካርቱም ስደተኛው በተበተነበት በዚያ ምድር፣ የአማርኛ ማተሚያና አንባቢ እንደ አገር ቤት አይገኝም ነበር። ብዕራቸውን ግን አላስቀመጡም። በ1933 ዓ.ም. ተመለሱ፤ የወረራውን ዘመን የሚያሳየው «አፋጀሽኝ» የተባለው ተውኔታቸውም ለመድረክ በቃ።

በ1939 ዓ.ም. ሲያርፉ ብዙ ድርሰቶቻቸው አልታተሙም ነበር። በኋላ ባለቅኔው ዮሐንስ አድማሱ የሕይወት ታሪካቸውን ጻፈ፤ ያም መጽሐፍ ቢሆን የታተመው ጸሐፊው ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።