ዓሣ አጥማጁ ጸሐፊ ይስሐቅ ዋልተን

ይስሐቅ ዋልተን በእንግሊዝ አገር ስታፎርድ በምትባል ከተማ በ1593 ዓ.ም. ተወለደ። የአገሩ ሰዎች ስሙን አይዛክ ብለው ይጠሩታል፤ ስሙ ግን የአብርሃም ልጅ የይስሐቅ ስም ስለ ሆነ እኛ በለመድነው አጠራር እንጽፈዋለን። በዚህ ታሪክ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አባቱ ባለጠጋ አልነበረም፤ ልጁም አራት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ስለዚህ ይስሐቅ ከታላላቅ ሊቃውንት ቤት ገብቶ ለመማር አልታደለም። ገና ወጣት ሳለ ወደ ለንደን ሄደ፤ በዚያም ንግድ ሊማር ከአንድ የጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ገባ። በ1618 ዓ.ም. በነጋዴዎች ማኅበር ሙሉ አባል ሆኖ ተጻፈ፤ ኋላም በለንደን መካከል በፍሊት መንገድ አጠገብ የራሱን ሱቅ ከፈተ።

በሰፈሩ ባለችው ቤተ ክርስቲያን ከ1624 ዓ.ም. ጀምሮ ጆን ደን የተባለ ካህን ያገለግል ነበር። ይህ ካህን በእንግሊዝ ባለቅኔዎች መካከል ስሙ እጅግ የታወቀ ነው። ጨርቅ ሻጩ ዋልተን ስብከቱን ይሰማ ነበር፤ ቀስ በቀስም ወዳጁ ሆነ። ካህኑ በ1631 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ ሄንሪ ዎተን የተባለ የተማረ መኰንን ታሪኩን ሊጽፍ አሰበ፤ ዋልተንም ወሬውን ከየሰዉ እየጠየቀ ይሰበስብለት ነበር። ነገር ግን መኰንኑ መጽሐፉን ሳይጽፍ በ1639 ዓ.ም. ሞተ። ሥራው የሚቀር መሰለ። ያን ጊዜ ባለሱቁ ራሱ ብዕር አነሣ፤ የጆን ደንም ታሪክ በ1640 ዓ.ም. ታተመ። ከዚያም በኋላ ዋልተን የሌሎች አራት ደጋግ ሰዎችን ታሪክ ጻፈ፤ ከእነርሱም አንዱ ያ ሄንሪ ዎተን ነው። እርሱም ዓሣ ማጥመድ የሚወድ ሰው ነበር።

የቤቱ ነገር ግን እጅግ ያሳዝናል። ዋልተን በ1626 ዓ.ም. ራሔል የምትባል ሴት አግብቶ ሰባት ልጆች ወለዱ። ከሰባቱ አንድ እንኳ ለአቅመ አዳም አልደረሰም። ራሔልም በ1640 ዓ.ም. ሞተች። የጆን ደን ታሪክ የታተመበትና ሚስቱን የቀበረበት ዓመት አንድ ነው።

ኀዘኑ ሳይበርድ በ1642 ዓ.ም. በንጉሡና በሸንጎው መካከል ጦርነት ተነሣ። ወንድም በወንድሙ ላይ ሰይፍ መዘዘ። ንጉሡም በ1649 ዓ.ም. ተፈርዶበት ተገደለ። ዋልተን የንጉሡ ወገን ስለ ነበረ ብዙ ወዳጆቹ ተሰደዱ፤ ታሰሩም። በ1651 ዓ.ም. የንጉሡ ልጅ በዉስተር ጦርነት ድል በሆነ ጊዜ፣ የእርሱ የሆነ አንድ የከበረ ጌጥ ከጠላት ተሰውሮ ነበር። ይህን ጌጥ ወደ ለንደን በስውር ያደረሰው የ58 ዓመቱ ሽማግሌ ነጋዴ ዋልተን ነው። ቢያዝ ኖሮ ቅጣቱ የከበደ ነበረ።

በእንዲህ ያለ ክፉ ዘመን የጻፈው መጽሐፍ ስለ ጦርነት ይመስላችኋልን? አይደለም። በ1653 ዓ.ም. ያወጣው መጽሐፍ ስለ ዓሣ ማጥመድ ነው። ስሙም ፍጹም ዓሣ አጥማጅ ማለት ነው።

በመጽሐፉ አንድ ዓሣ አጥማጅና አንድ አዳኝ በግንቦት ማለዳ ከለንደን ወጥተው በሊ ወንዝ በኩል ይሄዳሉ፤ ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች እንደሚሄድ መንገደኛ ናቸው። እየሄዱም ስለየሥራቸው ይከራከራሉ። ዓሣ አጥማጁ ከመጽሐፍ ቅዱስ ምስክር ያመጣል፤ መቃጥን በኢዮብና በአሞጽ መጽሐፍ እንደ ተነሣ፣ ጌታችንም ከሐዋርያት አራቱን ከዓሣ አጥማጆች መካከል እንደ ጠራቸው ያስታውሳል። አዳኙም ተረትቶ ደቀ መዝሙር ይሆናል። ዝናብ ሲመጣ ከዛፍ ሥር ይጠለላሉ፤ ማታ ከእንግዳ ማደሪያ ገብተው ያጠመዱትን ጠብሰው ይበላሉ፤ ግጥምም ይባባላሉ። አንዲት ላም አላቢ ልጅና እናቷ ዘፈን ሲዘፍኑላቸው ዋጋው አንድ ዓሣ ነው። መጽሐፉ የባለቅኔዎችን ግጥም እንደ ሞላበት መሶብ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም፤ ዓሣ አጥምደው የማያውቁ ብዙ ሰዎችም እስከ ዛሬ የሚያነቡት ስለዚህ ይመስለኛል።

እውነት ለመናገር በውስጡ የማይታመን ነገርም አለ። ዋልተን የቆዩ መጻሕፍትን አምኖ አንዳንድ ዓሣ ከውኃ ሣር ይወለዳል ብሎ ጽፎአል። ይህ ሐሰት ነው፤ ዓሣ ከእንቁላል ይፈለፈላል።

ዋልተን በደንብ የሚያውቀው በትልና በመሳሰለው ምግብ ማጥመድን ነበር። ሌላም ዘዴ አለ፤ እርሱም በሰው እጅ በተሠራ ዝንብ ማጥመድ ነው። አጥማጁ በትንሽ መንጠቆ ላይ የሐር ክር ይጠመጥማል፤ የወፍ ላባና የእንስሳ ጠጉር ያስርበታል፤ ሲጨርስ በውኃ ላይ የሚያርፍ ዝንብ ይመስላል። ከዚያ በረጅም ዘንግ ወርውሮ በውኃው ፊት ላይ በቀስታ ያሳርፈዋል። በቀዝቃዛና በጠራ ወንዝ የሚኖረው ትራውት የተባለው ዓሣ ከታች አይቶ እውነተኛ ዝንብ መስሎት ይጐርሰዋል። እጁ የከበደ ሰው ግን ውኃውን አናውጦ ዓሣውን ያባርረዋል።

ይህ ዓሣ በአገራችን አልነበረም፤ በ1960ዎቹ ዓመታት ከኬንያ አምጥተው በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ጨመሩት። በአዲስ አበባ ምሥራቅ ያላችሁ ልጆች ግን በቀበናና በቡልቡላ ወንዝ አትፈልጉት፤ የከተማው ቆሻሻ ስለሚወርድባቸው ለትራውት አይሆኑም። ወደ ቦሌ ገበያ የሚመጡት ቆሮሶና አምባዛም እንደ ዝዋይና ጫሞ ካሉ ሐይቆች የሚጠመዱ ናቸው።

ዋልተን ስለ ዝንቡ ዘዴ በጻፈ ጊዜ ከቶማስ ባርከር እንደ ተማረ ሳይደብቅ ተናገረ። ባርከር ወጥ ቤት የነበረ ሰው ነው። ብዙ ዓመት አልፎ መጽሐፉ ለአምስተኛ ጊዜ በ1676 ዓ.ም. ሊታተም ሲል፣ ዋልተን ዕድሜው 83 ሆኖ ሳለ፣ ክፍሉን የሚሞላለት ሰው ፈለገ። ሰውየውም ቻርልስ ኮተን ነው። ኮተን ባለቅኔ ነው፤ በደቭ ወንዝ ዳር ይኖር ነበር፤ በዝንብ ማጥመድን ከዋልተን ይልቅ ያውቅ ነበር። ዋልተንን አባቴ ይለዋል፤ ዋልተንም ልጄ ይለዋል። ኮተን በጠራ ውኃ በዝንብ ስለ ማጥመድ ጻፈ፤ ጽሑፉም ከሽማግሌው መጽሐፍ ጋራ በአንድ ጥራዝ ወጣ። ስለዚህ ዘዴ ከተጻፉት ሁሉ ይህን የሚያስቀድሙ ብዙዎች ናቸው። ኮተን በ1674 ዓ.ም. በወንዙ ዳር ትንሽ የድንጋይ ቤት ሠርቶ ነበር፤ ከበሩ በላይም የሁለቱ ስም የመጀመሪያ ፊደሎች እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው ተቀርጸዋል። ቤቱ ዛሬም ቆሞአል።

ዋልተን ከራሔል በኋላ አና ኬን የምትባል ሴት አግብቶ ነበር፤ እርስዋም በ1662 ዓ.ም. ሞተች። ከእርስዋ የተወለዱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ግን አደጉለት። ወንዱ ልጅ ካህን ሆነ።

በ1683 ዓ.ም. 90 ዓመት ሲሞላው ኑዛዜውን በገዛ እጁ ጻፈ። በስታፎርድ አጠገብ አንድ እርሻ ነበረው፤ ልጁ ካላገባ እርሻው ለዚያች ከተማ ድሆች እንዲሆን አዘዘ። ልጁም ሳያገባ ስለ ኖረ ንብረቱ ለድሆች ሆነ። ከገቢው በየዓመቱ ሁለት የድሀ ልጆች የእጅ ሥራ እንዲማሩ፣ ለአንዲት ልጃገረድም የማግቢያ ገንዘብ እንዲሰጥ፣ በቀረውም የድንጋይ ከሰል ተገዝቶ እንዲታደል ወሰነ። የከሰሉንም ጊዜ ለይቶ አመለከተ፤ በጥር መጨረሻ ሳምንት ወይም በየካቲት መጀመሪያ ሳምንት ይሁን አለ፤ ለድሀ ከዓመቱ ሁሉ የሚከብደው ያ ጊዜ መሆኑን ያውቅ ነበርና።

በታኅሣሥ 15 ቀን 1683 ዓ.ም. በዊንቸስተር ከተማ ዐረፈ፤ በዚያችም ከተማ በትልቁ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። በዚያ ክረምት ብርዱ እጅግ ስለ በረታ የቴምስ ወንዝ ረጋ፤ የለንደን ነጋዴዎችም በበረዶው ላይ ድንኳን ተክለው ዕቃቸውን ይሸጡ ነበር።